የታሂር ሁለተኛው አሥራ አምስት ዓመት

ወንድሜ ታሂር አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ በዚያ ዓመት ቆቦ ላይ ዝናብም እህልም ስላልነበረ እንኳን ልደት ዒድም በቅጡ አልተከበረም። ሁለተኛው በሰማንያ፣ ግንቦት ላይ፣ በባሕር ዳርቻ፣ በዘምባባ ጥላ ሥር፣ አናናስ ቀርቦ፣ በቀቀን እየተንጫጫ ተከበረ። ባሕሩ የሴቶች ማኅበር የደንብ ልብስ ጨርቅ ነበር። አናናሱ ዱባ ነበር። በቀቀኗ ደግሞ የጎረቤታችን የእትዬ የሻረግ ነጭ ዶሮ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ማለት እስከዚያ ሳምንት ድረስ።

ቤታችን ከአውራ ጎዳናው ወደ ገበያ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነበር። እናቴ ዓሊማ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ልብስ ትሰፋለች። አባቴ እኔ ገና ሆዷ ውስጥ ሳለሁ ስለሞተ ሦስታችንን የምታኖረን ያቺ መኪና ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ መኪናዋ ሥር ተቀምጬ የወደቀ ቁልፍና መርፌ እለቅማለሁ። ስለዚህ የቆቦን ሰው ከፊቱ ይልቅ በጫማው ነበር የማውቀው፤ ወሬውንም ከወገብ በታች ነበር የምሰማው።

እናቴ ለደንበኛ ሁሉ የምትደጋግማት አንዲት ታሪክ ነበረቻት። ታሂርን ከወለደች በኋላ ሌላ ልጅ አጥታ አሥር ዓመት ሙሉ ኖራለች። ያልተሳለመችው ሼህ፣ ያልጠጣችው መድኃኒት አልነበረም። በመጨረሻ ታሂር ልክ አሥር ዓመት ሲሞላው አላህ እኔን ሰጣት። ታሪኩን ከመስማቴ ብዛት የታሂርን ዕድሜ በቃሌ መያዝ አላስፈለገኝም፤ በራሴ ዕድሜ ላይ አሥር እጨምራለሁ። በሕይወቴ የተማርኩት የመጀመሪያው መደመር እሱ ነው፤ በጣም እኮራበት ነበር።

በዚያ ሰሞን የከተማው ትልልቅ ልጆች ድብብቆሽ ጀምረው ነበር። እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። የኳስ ሜዳው ባዶ ሆነ። አንዱ ዞብል ተራራ ሥር አጎቱ ዘንድ ሄደ፣ ሌላው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ አንዱ በእናቱ ሻሽ ተከናንቦ ውኃ ሲቀዳ ታየ። ታሂርም ውሻ በጮኸ ቁጥር የማሽላው ጎተራ ውስጥ ይገባል። እኔ ውጭ ቆሜ ጮክ ብዬ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፤ ፈላጊው አልመጣ ሲል ግን ይደክመኝና ወደ ሌላ ጨዋታ እሄዳለሁ። ፈላጊው ማን እንደነበረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለ ወንድ ለብሔራዊ ውትድርና ይመለመል ነበር፤ እያንዳንዱ ቀበሌም ይህን ያህል ሰው አምጣ ተብሎ ቁጥር ተቆርጦለት ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታረቀኝ ይባላል። ጫማው ቡናማ ነው፤ ሶሉ በመኪና ጎማ ተቀይሯል። ወፍራም ጢም ስለነበረው ሽማግሌ ይመስለኝ ነበር። ጓድ ታረቀኝ ኩባ የሄደ ሰው ነው። ይህን የማያውቅ የቆቦ ነዋሪ አልነበረም፤ ስብሰባ ላይ ያልተገኘ ቢኖር እንኳ ድምፅ ማጉያው ቤቱ ድረስ ይነግረዋል። የቦኖ ውኃ ሲጠፋ በኩባ ቧንቧ እንደማይደርቅ ያወራል። የቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲጨርስ በኩባ ስኳር እንደ ሣር ከመሬት እንደሚበቅል ይናገራል። ሰዉ ያጨበጭብና ያለ ስኳር ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ደግሞ የኩባ ባሕር ጣፋጭ ስለሆነ ሕዝቡ እየቀዳ እንደሚጠጣው ነገረን። እኔ ያን ቀን እናቴን ኩባ እንሂድ ብዬ አልቅሻለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቡናማው ጫማ መጥቶ መኪናዋ ፊት ቆመ። የተቀደደ ኮሌታ ሊያሰፋ ነበር የመጣው። እናቴ ኮሌታውን እየሰፋች ስለ ታሂር አነሣችበት። ልጁ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ እንደሆነ፣ ቁመቱ የአባቱ እንደሆነ፣ ሰዎች ግን በቁመቱ እያዩ ስሙን ሊያስመዘግቡት እንደሚፈልጉ፣ ቀበሌው የዕድሜ ማስረጃ ቢጽፍላት እንደሚያርፍ ነገረችው። እኔ ከሥር ሆኜ አሥር በስምንት ላይ ደመርኩ። አሥራ ስምንት ነው። ተሳስታለች ብዬ ላርማት ብቅ ልል ስል የእናቴ እግር እጄ ላይ አረፈና ቆየ።

ጓድ ታረቀኝ ተነፈሰ። «እትዬ ዓሊማ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ በዚህ ቀበሌ አሥራ አንድ ልጆች አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል» አላት። «አንደኛው ሚስት አለው።»

«የእኔ እውነት ነው» አለች እናቴ። «እኛ በየዓመቱ ልደቱን እናከብራለን፤ አንስተውም።»

መኪናዋ ቆመች። እኛ ቤት ልደት የሚባል ነገር ተከብሮ አያውቅም። ጓድ ታረቀኝም ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ቤቱ ከእኛ ሦስተኛው ነበርና። ልደት የንዑስ ከበርቴ ልማድ መሆኑን፣ ስለዚህም ቀበሌው እንደ ማስረጃ ሊቀበለው እንደማይችል በስብሰባ ድምፁ አስረዳ። ከዚያ የጫማው አፍንጫ ወደ መንገዱ ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ።

ቀጥሎ የተናገረው ዝግ ባለ ድምፅ ነበር። ኩባ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው አለ። እዚያ የሠርቶ አደሩ ልጅ ልደቱ የሚከበረው ዘምባባ ሥር ነው። ባሕር ይኖራል። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ አናናስ ይቀርባል፤ ዛፉ ላይ በቀቀን ይቀመጣል፤ የልጁን ዓመት ያህል ሻማ ይበራል። እንዲህ ያለው ልደት አብዮታዊ ስለሆነ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልብስ ልክ አስለካት። በመጨረሻ «እኔ ያልተገኘሁበትን ነገር አልመሰክርም፤ የተገኘሁበትን ግን በማኅተም እመሰክራለሁ» አላት። «እሑድ ደግሞ ሥራ የለኝም።»

እኔ የገባኝ ድግስ ልንደግስ እንደሆነ ብቻ ነበር።

እሑድ እስኪደርስ አምስት ቀን ቀርቶናል፤ የእናቴ ቦርሳ ደግሞ ከወትሮውም የቀለለ ነበር። ከእኛ ሰፈር ባሕር ያየችው እትዬ የሻረግ ብቻ ናት። ሾፌር ባሏን ተከትላ አሰብ ሦስት ዓመት ኖራለች። እናቴ ምክር ስትጠይቃት፣ ባሕር ዳር የሚኖረው ሙቀትና ዝንብ መሆኑን፣ ሁለቱም ደግሞ ቆቦ ላይ በነፃ እንደሚገኙ ነገረቻት። ያም ሆኖ ሥራውን እኩል ተካፈለች።

ለዘምባባው እናቴ በገበያ ቀን ሰሌን ሊሸጡ ወደሚመጡት አፋሮች ሄደች። ያልተሠራ ቅጠል እንደምትፈልግ ስትነግራቸው ሽማግሌው ነጋዴ ጠረጠሩ፤ ሰሌን ሠርታ ገበያቸውን ልትሻማ መሰላቸው። ለልጅ ልደት ነው ስትላቸው ልደት ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልጁ የተወለደበትን ቀን በዓመቱ ማክበር ነው አለቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ልጁ ታሟል ወይ አሏት። ከዚያ አዝነውላት ለግመላቸው ጀርባ መደላድል አድርገው ያመጡትን ቅጠል በሙሉ በነፃ ሰጧት። ግንዱን ታሂር ከማሽላ አገዳ ሠራው። አገዳውን እንደ ምሰሶ አስሮ፣ ጆንያ አልብሶ፣ ጫፉ ላይ ቅጠሉን ሰካበት። ዛፉ ከሩቅ ሲታይ ዘምባባ፣ ከቅርብ ሲታይ ጃንጥላ የያዘ ሰው ይመስል ነበር።

የአናናስን መልክ ታሂር ከጂኦግራፊ መጽሐፉ አገኘው። እናቴ ዱባ አቁማ ገላውን በቢላ እየሸነተረች አናት ላይ የሬት ቅጠል ተከለችበት። ሙዙ ከጎብዬ ሲመጣ መኪና ላይ የበሰበሰ ስለነበረ በርካሽ ተገዛ፤ የጠቆረው ጎኑ ወደ ታች እንዲተኛ ተደርጎ ተደረደረ። ለኬኩ እትዬ የሻረግ በኮባ ቅጠል ድፎ ዳቦ ጋገረች፤ ስኳር ስላልነበረ ላዩን በፓፓያ ለቀለቀችው። ዶሮዋንም ሰጠች። ታሂር በትምህርት ቤት ቀለም ክንፏን ቀይ፣ ጭራዋን ሰማያዊ አደረጋት። የሴቶች ማኅበር ለሰልፍ ልብስ እንዲሰፋ የላከው ሰማያዊ ጣቃ ጨርቅ ደግሞ ግቢው መሐል ተዘርግቶ ባሕር ሆነ። እንዳይቆሽሽ ማንም እንዳይረግጠው ተከለከለ። በሚቀጥለው ሳምንት የቀበሌያችን እናቶች ባሕሩን ለብሰው ተሰለፉ።

እስከዚህ ድረስ እንደኔ ደስተኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ጉድ የፈላው ሻማው ላይ ነው። እናቴ አምስት ሻማ ገዝታ እያንዳንዱን ለሦስት ቆረጠችው። እኔ ቆጠርኩ። አሥራ አምስት ሆነ። አንድ ሻማ ብትጨምሪ ልክ አሥራ ስምንት ይመጣልሻል ብዬ በኩራት ነገርኳት።

እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ቁጣ መሰለኝ። «ዚነት፣ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ዕድሜሽን ቢጠይቅሽ አምስት ነው በይ።» ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ከጠየቅሽኝ አራት አደርግሻለሁ አለችኝ።

ያን ቀን የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። ታሂር አሥራ አምስት ከሆነ፣ እኔ ደግሞ በአሥር ካነስኩት፣ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ አምስት ነኝ። ሒሳቡ ትክክል መሆኑ ነበር ያስለቀሰኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ክፍል አይማርም። የወንበር ጓደኛዬ አሲያ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ እኔ ጭቃ ሳቦካ ልቀር ነው። ከዓመቶቼ ውስጥ የትኞቹን ሦስቱን እንደሚወስዱብኝ ማሰብ ጀመርኩ። ጥርሴ የወለቀበትን ይሆን? ማንበብ የቻልኩበትን? ይህ ሁሉ ደግሞ ለታሂር ድግስ ሻማ ለመቆጠብ ነው። በመጨረሻ አንድ መላ አገኘሁ። እሑድ ጓድ ታረቀኝ ሲመጣ በሰው ፊት እነግረዋለሁ። እሱ መንግሥት ነው፤ መንግሥት ደግሞ አይዋሽም፤ ዓመቶቼን ያስመልስልኛል።

ቅዳሜ በእናቴና በታሂር መካከል ጠብ ነበር። እናቴ አጭር ሱሪ ሰፍታለት ነበር። ጢሙን በቀን ሁለቴ ሲላጭ የከረመ ልጅ ሱሪውን ሲያይ ግን ወረወረው። እንደ ሕፃን ተጎልቶ ከሚታይ ቢሄድ እንደሚሻለው፣ ጓደኞቹ ሁሉ እንደሄዱ ተናገረ። እናቴ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ የሄዱትን ተዋቸው፣ ከተመለሱት አንዱን ስም ጥራልኝ አለችው። ታሂር ሱሪውን አንሥቶ ለበሰ። እኔ የተጣሉት በሱሪው ማጠር ነው ብዬ ትንሽ ብታስረዝምለት ምን ነበረበት እያልኩ አዘንኩለት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዶች መጡ። የታሂር እኩዮች ሁሉ ድብብቆሽ ላይ ስለነበሩ የተጠሩት የሰፈሩ ሕፃናት ናቸው። የአሥራ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ ከስድስትና ከሰባት ዓመት ጓደኞቹ መሐል፣ ዘምባባውን ተደግፎ፣ ፀጉራም እግሮቹን በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ ተቀመጠ። አቧራ የያዘ ነፋስ ከዞብል በኩል ሲመጣ ዛፉ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ታሂር በትከሻው ገፍቶ ይመልሰዋል።

ጓድ ታረቀኝ ብቻውን አልመጣም። ከአጠገቡ ከአውራጃ የመጣ መቶ አለቃ ነበር። የሚያብረቀርቅ ቡትስ አድርጓል። እናቴ የፓፓያ ጭማቂ እየቀዳች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ እጇ ላይ ሲፈስ እንኳ መቅዳቷን አላቆመችም። ጓድ ታረቀኝ ራሱ የመቶ አለቃውን መምጣት የፈለገ አይመስልም ነበር፤ ጢሙ ላይ ላብ ቸፍ ብሏል። መቶ አለቃው የልደቱን ወሬ መንገድ ላይ ሰምቶ ልየው ብሎ ተከትሎት እንደመጣ ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴ ነግራኛለች።

ጓድ ታረቀኝ ንግግር አደረገ። ኩባን አመሰገነ፤ ዘምባባውን አመሰገነ፤ ጓዲት ዓሊማ በራሷ ጥረት፣ ከመንግሥት አንዲት ሣንቲም ሳትጠይቅ፣ የካሪቢያንን ባሕር ቆቦ ድረስ ማምጣቷን አወደሰ። በመሐል ዶሮዋ ተንጫጫች። መቶ አለቃው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ጓድ ታረቀኝ ሳይስቅ «ኢትዮጵያ ትቅደም ነው የምትለው» አለ። ሕፃናቱ አጨበጨቡ። የልደት መዝሙር የሚያውቅ ስላልነበረ ሁላችንም የምናውቀውን የሰልፍ መዝሙር ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እያነሣን ዘመርን። ታሂር አሥራ አምስቱን ቁራጭ ሻማዎች እፍ አለ። ነፋሱ አግዞት ባንድ ትንፋሽ ጠፉ።

ከዚያ መቶ አለቃው ታሂርን ከላይ እስከ ታች አየው። ሳይቸኩል፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው አየው። ከሕፃናቱ መሐል እኔን መረጠና ጠራኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የዓሊማ። የሱ እኅት።»

«ስንት ዓመትሽ ነው?»

የጠበቅሁት ሰዓት ደረሰ። መንግሥት ራሱ ጠየቀኝ፤ ያውም በቡትስ። ስምንት ልል አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሐል ዘምባባው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ነፋሱ ቆሟል፤ የባሕሩ ጨርቅ እንኳ አይንቀሳቀስም፤ ዛፉ ግን ከታች እስከ ላይ ቅጠሉ ይርገበገባል። ከዛፉ ወደ ታሂር ጀርባ፣ ከጀርባው ወደ ጉልበቱ አየሁ። የሚንቀጠቀጠው ወንድሜ ነበር። ታሂር እባብ በድንጋይ የገደለ ልጅ ነው፤ ሲፈራ አይቼው አላውቅም። ለምን እንደፈራ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር የሚፈራው በእኔ አፍ ውስጥ ያለውን ቁጥር እንደሆነ ብቻ ነው።

«አምስት» አልኩ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ለዚህ ማንም አላዘጋጀኝም። «ሁለተኛ።»

እትዬ የሻረግ በቀስታ አማተበች። ጓድ ታረቀኝ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ይህ የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ውጤት መሆኑን፣ በኩባ ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው ፊደል እንደሚቆጥሩ፣ ቆቦም ወደዚያው እየገሠገሠች መሆኑን አስረዳ። መቶ አለቃው እሱን አልሰማም። ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ወንድሜ በስንት ዓመት እንደሚበልጠኝ ጠየቀኝ። በአሥር አልኩት። ስንት ሆነ ታዲያ አለኝ።

«አሥራ አምስት» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ሦስቱ ዓመቶቼ በገዛ አፌ ሄዱ። እትዬ የሻረግ ዳቦ አምሯት ነው ብላ ቁራሽ አስያዘችኝ።

መቶ አለቃው ቀና ብሎ ሳቀ። ያመነ ሰው ሳቅ ይሁን የሰለቸው ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጓድ ታረቀኝ ከኪሱ ወረቀትና ማኅተም አወጣ፤ ስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ መታ። እየጻፈ ሳለ መቶ አለቃው ከኋላው ሆኖ፣ «ጓድ ታረቀኝ፣ ያም ሆነ ይህ ኮታህ አንድ ጎድሏል» አለው።

«እስከ ረቡዕ እሞላዋለሁ» አለ ጓድ ታረቀኝ፤ ቀና ሳይል።

እኔ የሰማሁት ኮት ነው። ኩባ ድረስ የሄደ ሰው ኮት ጎደለው ብዬ ከራሴ ችግር ይልቅ የሱ አሳዘነኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ እናቴን ለጓድ ታረቀኝ ኮት እንድትሰፋለት ለመንኳት። እናቴ በቆመችበት ቁጭ አለች። ባሕሩ ላይ ነበር የተቀመጠችው፤ አልተነሣችም።

ረቡዕ ጠዋት ቡናማው ጫማ መጣ። እኔ መኪናዋ ሥር ነበርኩ። የሸሚዙን ኪስ በቁልፍ እንድትዘጋለት ጠየቃት፤ መንገድ አለብኝ፣ እንዳይጠፋብኝ የምፈልገው ወረቀት አለ አላት። እናቴ የት ነው መንገዱ አለችው። ቀበሌው ቁጥሩን ካልሞላ ሊቀ መንበሩ ራሱ ይሙላው መባሉን ነገራት። እንደ ተራ ወሬ ነበር የነገራት። ሌላ ሰው ጠቁም ተብሎ የሰው ስም ዝርዝር እንደተሰጠው፣ ስሞቹን ሁሉ እንዳነበበ፣ የሁሉንም እናቶች እንደሚያውቃቸው፣ ኪሱ የሚገባውም ወረቀት ያው ዝርዝር እንደሆነ ነገራት።

«ስንት ዓመትህ ነው?» አለችው እናቴ። እርስዎ ስትለው ኖራ ነበር፤ ያን ቀን አንተ አለችው።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ሠላሳ አንድ ነህ። ዘምባባው አልፈረሰም፤ ለነገ እናሰናዳልሃለን። አንድ ቀን ቆይ በላቸው።»

ጓድ ታረቀኝ ሳቀ። ጫማው እስኪነቃነቅ ሳቀ። ከዚያም «የእኔን የሚፈርመው ሊቀ መንበር ማነው፣ እትዬ ዓሊማ?» አላት።

እናቴ ቁልፉን ተከለችለት። ሦስት ጊዜ ፈትታ ሦስት ጊዜ ተከለችው፤ ያላረካት ነገር ያለ መሰለኝ፤ ጊዜ እየገዛችለት እንደነበረ ያኔ አላወቅሁም። እኔም ዝም ማለት ስላቃተኝ ከሥር ሆኜ ኮትዎ ሞላ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፊቱን በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሽማግሌ አልነበረም። ጢም ያለው ታሂር ነበር።

«ሞላ» አለኝ። ቀጥሎም፣ እሑድ ለምን እንዳለቀስኩ ገብቶት ኖሮ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ስምንት ዓመቴን እንደመለሰልኝ፣ ግን ለጊዜው ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝ። እኔ ደስታዬ ወደር አጣ። መንግሥት አይዋሽም ያልኩት ትክክል ነበር።

መኪኖቹ ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ አቅጣጫ ተነሡ። የትምህርት ቤቱ ልጆች መንገድ ዳር ተሰልፈን ዘመርን። ጓድ ታረቀኝ ከጎረምሶቹ መሐል ቆሞ ኪሱን በእጁ ይዞ ነበር። ለአሲያ ወደ ኩባ እየተመለሰ ነው አልኳት። አሲያም ለክፍሉ ሁሉ ነገረች።

አልተመለሰም። የትኛው ግንባር እንደሄደ፣ የት እንደቀረ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። በዓመቱ መንግሥት ቆቦን ለቆ ሲወጣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ተከፍቶ ወረቀቱ ሁሉ አደባባይ ላይ ተበተነ፤ እኛ ልጆቹ ለቀምነውና ጀርባው ላይ ሥዕል ሳልንበት። የጓድ ታረቀኝ እኅት ሸዋዬ ከሮቢት መጥታ እኛ ዘንድ ትቶት የሄደውን ሣጥን ወሰደች። እናቴ ዕቃውን ስታስረክባት ስለ ኩባ አነሣችባት። ሸዋዬ ግራ ገባት። ወንድሟ ከደሴ አልፎ ሄዶ አያውቅም ነበር፤ እዚያም የቆየው ለስድስት ሳምንት ስልጠና ነው። ስለዚህ ዘምባባውን፣ ባሕሩን፣ በቀቀኑን፣ ሻማውን እዚያው በረንዳችን ላይ ቆሞ፣ ኮሌታው እስኪሰፋ ነበር የፈጠረው።

ካደግሁ በኋላ እናቴን ኩባ አለመሄዱን ያኔ ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሕዝቡ ባሕሩን ይጠጣል ያለ ዕለት ነው ያወቅሁት አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ በር የከፈተልሽን ሰው ቤቱ ያንተ ነው ወይ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ያቺ ወረቀት ሥራዋን በሚገባ ሠራች፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ። ታሂር ከእሷ ሌላ የልደት ማስረጃ ስላልነበረው፣ ትምህርት ቤቱም፣ መታወቂያውም፣ የግብርና መሥሪያ ቤት ቅጥሩም በእሷ ሄዱ። ወንድሜ በመንግሥት መዝገብ ላይ ከተወለደ ከሦስት ዓመት በኋላ የተወለደ ሰው ነው። አሁን ጉልበቱን ያመዋል፤ ዓይኑ ደክሟል፤ የእውነት እኩዮቹ ጡረታቸውን ሲቆጥሩ እሱ ሦስት ዓመት ጨምሮ ሊሠራ ነው። ለማረም ሞክሮ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ወረቀቱን አገላብጣ አይታ፣ ማኅተሙ ትክክለኛ ነው አለችው።

ባለፈው ረመዳን እናቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ ታሂር ይህንኑ አነሣ። እነዚያ ሦስት ዓመታት የማን እዳ ናቸው ብዬ ነው የምሠራቸው እያለ ምሬቱን አወረደው። እናቴ ጆሮዋ ስለደከመ የሰማችው አልመሰለንም ነበር። ተምሯን አፏ ውስጥ አገላብጣ ፍሬውን ተፋችና፣ «የታረቀኝ ናቸው» አለችው። «ዝም ብለህ ሥራለት።»

ታሂር ሰኞ ጠዋት በሰዓቱ ሥራ ገባ።